ሰርቪስ ቤት ላይ የሚንቀራፈፍ ዋይፋይ፦ የፍተሻና የጥገና ማስታወሻ፣ ጅማ

መነሻው

ቤቱ መንደራ ኮቺ ነው። ፊት ለፊት የብሎኬት ዋና ቤት፣ ከኋላ ደግሞ የጭቃ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ሰርቪስ ቤት አለ። የሁለቱም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። መስመሩ ፋይበር ሲሆን ጥቅሉ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ታችኛው መደብ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ላፕቶፑ የሚሠራው ከዚያ 12 ሜትር ያህል ርቆ ሰርቪሱ ውስጥ ነው። ገጽ ለመክፈት ይዘገያል፣ የቪዲዮ ስብሰባ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ማታ ማታ ጭራሽ ይተኛል። ስልክ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሻላል።

ይህ የስልኩ ነገር ትልቅ ፍንጭ ነው። ስልኩ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻ ከተንቀራፈፈ ጥፋቱን ሁሉ መስመሩ ላይ መጣል አይቻልም።

ሥራውን ሦስት ቦታ ከፈልነው፦ ከውጭ እስከ ራውተሩ ያለው መስመር፣ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ያለው አየር፣ ከዚያ ላፕቶፑ ራሱ። እያንዳንዱ ለብቻው ሳይለካ ዕቃ አይገዛም። በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ኢንተርኔት ሲዘገይ መጀመሪያ ጥቅሉ ያድጋል፣ ቀጥሎ ሪፒተር (ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ) ይገዛል፣ ችግሩም እዚያው ቁጭ ይላል።

የተያዘው መሣሪያ፦ 2 ሜትር የኔትወርክ ኬብል፣ መልቲሜትር፣ ሲግናል በዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይሻላል) የሚያሳይ ነፃ የስልክ አፕ፣ ትንንሽ ካቻቪቴ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ደብተሩ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥር ካልተጻፈ ሦስተኛው ማስተካከያ ላይ ሲደረስ የቱ እንደጠቀመ አይታወቅም።

መስመሩን በኬብል መለካት

ላፕቶፑን ራውተሩ ጎን አምጥተን በኬብል አገናኘን፣ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጠፋን፣ ስልኮችንና ቴሌቪዥኑን ከዋይፋዩ አላቀቅን። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ማውረጃው 9.4፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ 8.7 ሜጋቢት ወጣ። ወደ ራውተሩ አድራሻ (እዚህ ቤት 192.168.1.1) 100 ፒንግ (ደርሶ የሚመለስ መሞከሪያ መልእክት) ሲላክ ሁሉም ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ተመለሰ፤ የጠፋ የለም።

መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስለ መስመሩ አናነሳም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል፦ ጥቅሉ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ብራውዘሩ ሲያወርድ የሚያሳየው ግን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ሜጋቢት የተባለው መስመር ፋይል ሲያወርድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት በሰከንድ ያሳያል። «10 ገዝቼ 1 ብቻ ይሰጡኛል» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

በኬብል ሲለካም ቢዘገይ ኖሮ ፍተሻው ወደ ፋይበሩ ይሄድ ነበር፦ ቀይ የሎስ (የብርሃን መጥፋት) መብራት በርቷል ወይ፣ ቀጭኑ ገመድ ቡፌው ጀርባ ተጣጥፎ ወይም ተጨፍልቆ ይሆን፣ ጫፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ማገናኛ በደንብ ገብቷል ወይ። ፋይበር ከ3 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ራዲየስ ሲታጠፍ ብርሃኑ ይባክናል። የተነቀለን ጫፍ በዓይን አትመልከቱ፤ ጨረሩ ባይታይም ዓይን ይጎዳል።

አየሩን መለካት

ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ «ኔትሽ ደብልዩላን ሾው ኢንተርፌስስ» የሚለውን ትእዛዝ (በእንግሊዝኛ ፊደል) መጻፍ ከስፒድ ቴስት በላይ ይናገራል። የሲግናሉን ፐርሰንት፣ ቻናሉን (ራውተሩ የያዘውን የሞገድ መስመር)፣ የሬዲዮውን ዓይነት፣ በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ያለውን የመቀበያና የመላኪያ ፍጥነት በሜጋቢት ለየብቻ ያሳያል። ፐርሰንቱን ለ2 አካፍሎ 100 ሲቀነስለት ወደ ዲቢኤም ይጠጋል፤ 60 ፐርሰንት ማለት −70 ዲቢኤም ነው። ለቪዲዮ ስብሰባ ከ−67 ባይወርድ ይመረጣል፤ −80 ላይ መቆራረጥ አይቀርም።

ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት የሞገድ ባንዶች አሉት፤ የተለካው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፦

ሳሎን፣ ከራውተሩ 2 ሜትር፦ 96 ፐርሰንት፣ የመቀበያ ፍጥነት 72።
የዋናው ቤት የጓሮ በር፦ 61 ፐርሰንት፣ ፍጥነት 39።
ሰርቪስ፣ ጠረጴዛው ላይ፦ 38 ፐርሰንት (−81 ዲቢኤም)፣ ፍጥነት ከ6.5 እስከ 13፤ ማውረጃ 1.1 ሜጋቢት፤ ወደ ራውተሩ ከተላከው 100 ፒንግ 9 ጠፋ።

ስልኩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ −72 አሳየ። ከላፕቶፑ በ9 ዴሲቤል ይሻላል። ላፕቶፕ ሰፋ ያለ አንቴና ስላለው ከስልክ እኩል ወይም የተሻለ መቀበል ነበረበት።

ሁለተኛው ፍንጭ 72 የሚለው ቁጥር ነው። የላፕቶፑ የዋይፋይ ካርድ ባለ ሁለት አንቴና ነው። እንዲህ ያለ ካርድ በ20 ሜጋኸርዝ የቻናል ስፋት ራውተሩ አጠገብ ሲሆን 144 ማሳየት አለበት፤ 72 የአንድ አንቴና ጣሪያ ነው። ላፕቶፑን መፍታት ግን መጨረሻ የሚደረግ ሥራ ስለሆነ ቁጥሩን አስምረንበት አለፍን።

ራውተሩን ከቡፌ ማውጣት

ቡፌ ለራውተር ከሚመረጡ ቦታዎች ሁሉ የከፋው ነው። ከፊቱ ቴሌቪዥን፣ ከጀርባው መስታወት፣ ከላዩ ድስትና ሰርቪስ ሳህን፤ መስታወቱ የጀርባ ሽፋኑ ብረታ ብረት ስለሆነ ሲግናሉን ይመልሰዋል። ታች ወለሉ አጠገብ መሆኑ ደግሞ ሶፋውንና ሰዉን ሁሉ እንቅፋት ያደርገዋል።

የፋይበሩ ገመድ ትርፍ 3 ሜትር ያህል ስለነበረው ራውተሩን ወደ ጓሮው መስኮት አምጥተን 2 ሜትር ከፍታ ላይ ሰቀልነው። አንቴናዎቹን ቀጥ አድርገን አቆምናቸው። የመስኮቱ ፌሮ ያሳስብ ነበር፤ ሲለካ ግን ብዙ አልጎዳም። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ የ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የፌሮው ክፍተት ከዚህ በጣም ካልጠበበ ሞገዱ ያልፋል። የላሜራ በር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሰርቪሱን ላሜራ በር ዘግቶና ከፍቶ ሲለካ የ8 ፐርሰንት ልዩነት አለው። ስለዚህ ጠረጴዛው ከበሩ ትይዩ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ስለ ግድግዳው አንድ ነገር ይታወቅ። ውኃ የ2.4 ጊጋኸርዝን ጉልበት ይመጥጣል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ረጅም ነው፤ ከታች እርጥበት የሚስብ የጭቃ ግድግዳ በበጋና በክረምት አንድ አይደለም። በበጋ ለክቶ «ደረሰ» ብሎ መተው በሐምሌ ያስቆጫል። ቢያንስ የ10 ፐርሰንት ትርፍ መያዝ ይገባል።

ውጤት፦ 50 ፐርሰንት (−75)፣ ፍጥነት 26፣ ማውረጃ 2.6። ወጪው ሁለት የግድግዳ ቡሽና ብሎን ብቻ ነው።

ቻናል

ግቢውን ከግራም ከቀኝም የኪራይ ክፍሎች ይዋሰኑታል። አብዛኞቹ ተከራዮች የየራሳቸው የሲም ካርድ ራውተር ወይም የስልክ ሆትስፖት አላቸው። በስልኩ አፕ ሲቃኝ ቻናል 6 ላይ ሰባት ኔትወርክ፣ ቻናል 1 ላይ አራት፣ ቻናል 11 ላይ ሁለት ታየ። የኛው ራውተር 6 ላይ ነበር፤ ስፋቱም 40 ሜጋኸርዝ እንዲሆን ተፈቅዶለታል።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ነው፤ አንድ ራውተር ግን 20 ይይዛል። ስለዚህ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 3 ወይም 4 ባዶ ስለመሰለ እዚያ መግባት ስሕተት ነው። ተመሳሳይ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ፣ ተራ ይጠባበቃሉ፤ 3 ላይ የገባው ግን ከ1ዱም ከ6ቱም ጋር እየተረባበሸ ተራ የሚያስጠብቀው የለም። 40 ሜጋኸርዝም እንዲሁ ነው፤ ሰፈሩ ባዶ ካልሆነ ጥቅሙ ለወረቀት ብቻ ነው።

ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ቻናሉን ከኦቶ አውጥተን 11 ላይ አሰርነው፣ ስፋቱን 20 አደረግነው። በዚያው ሴኩሪቲውን ከተቀላቀለው ዓይነት ወደ ደብልዩፒኤ2 ኤኢኤስ (የዋይፋይ መቆለፊያ ዓይነት) ቀየርነው። ቲኪፕ የሚባለው የድሮ ዓይነት ሲመረጥ ፍጥነቱ ከ54 በላይ አይወጣም። ፓስዎርዱም ተቀየረ፤ የቤቱ ዋይፋይ ቁልፍ በየጊዜው ለእንግዳ ስለሚሰጥ ማን እንደተገናኘ አይታወቅም ነበር።

ለ5 ጊጋኸርዙ የተለየ ስም ሰጠነው። ሁለቱ ባንዶች አንድ ስም ሲኖራቸው ላፕቶፑ የቱን እንደያዘ ሳይታወቅ ይለካል። ሳሎን ውስጥ 5 ጊጋኸርዝ ግሩም ነው፤ ሰርቪሱ ጋ ግን ሁለት ግድግዳ አልፎ 22 ፐርሰንት ብቻ ስለደረሰ ለዚያ ቦታ አይሆንም።

ውጤት፦ ሲግናሉ እዚያው 50 ፐርሰንት፣ ፍጥነቱ 39፣ ማውረጃው 4.1፣ የሚጠፋው ፒንግ ከ100 አንድ። ሲግናል ሳይጨምር ፍጥነት መጨመሩ የቻናሉን ድርሻ ያሳያል።

የላፕቶፑ ሶፍትዌር

ባትሪ ላይ ሲሆን ዊንዶውስ የዋይፋይ ካርዱን ኃይል ይቆጥባል። በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የዋየርለስ አዳፕተር ሴቲንግን በባትሪም በቻርጀርም «ማክሲመም ፐርፎርማንስ» ላይ አደረግነው። በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አነሣን። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን ምርጫ አያሳዩም፤ ካልታየ ይታለፍ። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) የተወሰደው ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ነው። «ድራይቨር አዘምናለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ፤ ይዘውት የሚመጡት ጣጣ ይበዛል።

ትልቁ ነገር የተገኘው ወደ ላይ በሚጫነው በኩል ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ሲጫኑት የደመና ማከማቻው ፎቶ እየጫነ ነበር። ዊንዶውስም በዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ያወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ያካፍል ነበር። መላኪያው መንገድ ሲሞላ ፒንግ ከ4 ወደ 600 ሚሊሰከንድ ይዘላል። ገጽ ለመክፈት የሚላከው ትንሽዋ ጥያቄ ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፋ ስለምትቀር ማውረጃው ባዶ ሆኖም ኢንተርኔቱ የሞተ ይመስላል። ማካፈሉ ተዘጋ፤ ማከማቻው ከመጫኛው አቅም ከግማሽ በላይ እንዳይወስድ ገደብ ተደረገለት። ስልኮችም ፎቶ መጫኑን ሌሊት እንዲሠሩት ተደረገ።

ዲኤንኤሱን (የገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) ወደ 1.1.1.1 እና 8.8.8.8 መቀየርም ተሞክሯል። ገጹ መከፈት ሲጀምር ያለውን መዘግየት ጥቂት ቀነሰ፤ ማውረጃውን አልነካውም፣ ሊነካውም አይችልም። ካሽ ማጽዳትና «ኢንተርኔት አፍጣኝ» የሚባሉ ፕሮግራሞች ለዚህ ችግር አይረዱም።

ላፕቶፑን መፍታት

አሁን ወደዚያች 72 ተመለስን። ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ የታች ክዳኑ ተፈታ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በየቦታቸው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ተለጠፉ፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ማሰር ቦርዱን ሊበሳ ይችላል። ክዳኑን ለማላቀቅ ያገለገለ የፕላስቲክ ካርድ ይበቃል፤ ካቻቪቴ ጠርዙን ይቦጫጭራል። ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ማገናኛ ይነቀል።

የዋይፋይ ካርዱ ላይ ሁለት የእህል ቅንጣት የሚያህሉ ክብ ማገናኛዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ አንድ ቀጭን ሽቦ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ይሄዳል። አንቴናዎቹ ያሉት እዚያ ነው። አንደኛው ሽቦ ወጥቶ ካርዱ አጠገብ ተኝቶ ተገኘ። ከዚህ ቀደም ላፕቶፑ ተከፍቶ ራም ተጨምሮለታል፤ በዚያን ጊዜ ተጎትቶ መሆን አለበት። ማገናኛው ከላይ በትክክል ተነጣጥሮ በጣት ጥፍር ቀጥ ብሎ ሲጫን ጠቅ ይላል። ጠማማ ሆኖ ከተጫነ ከንፈሩ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ አይይዝም። እነዚህ ማገናኛዎች ደጋግሞ ለመንቀል አልተሠሩም። ከላዩ ሙቀት የሚችል ቴፕ ተለጠፈበት።

ሳሎን ውስጥ ፍጥነቱ 144 ሆነ። ሰርቪሱ ጋ 66 ፐርሰንት (−67)፣ ፍጥነት 78፣ ማውረጃ 7.8። ከስልኩ ጋር አሁን እኩል ነው ማለት ይቻላል። ምንም ብር አልወጣበትም።

ሽቦው ተሰክቶም ፍጥነቱ 72 ላይ ቢቀር ካርድ መቀየር ይታሰብ ነበር። በዚያ ጊዜ ሁለት ነገር ይጣራል፦ ላፕቶፑ ያልተመዘገበ ካርድ አልቀበልም የሚል ባዮስ (የመነሻ ፕሮግራም) አለው ወይ፤ ካርዱስ ከፕሮሰሰሩ ጋር ብቻ የሚሠራው ዓይነት ነው ወይ። ኢንቴል ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201 በመልክ መንትያ ናቸው፤ 201 ግን የሚሠራው ለሱ በተዘጋጀ ቦርድ ላይ ብቻ ነው።

ምጣዱ

በእንጀራ ቀን ኢንተርኔቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋና ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲሰካ የቤቱ ቮልቴጅ ከ218 ወደ 176 ሲወርድ በመልቲሜትር ታየ፤ ራውተሩም ያኔ ይጠፋና እንደገና ይነሣል።

የራውተሩ የኃይል አዳፕተር ላይ ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ተጽፏል። 176 ሊያንገዳግደው አይገባም ነበር። የሚያወጣውን ቮልት ስንለካ 12.1 የነበረው ምጣዱ ሲሠራ ወደ 10.4 ወረደ። የአዳፕተሩ ካፓሲተር ደርቋል ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚጎዳው እሱ ነው። የተተካው 12 ቮልት 1.5 አምፔር ነው። ሲገዛ ቮልቱ የግድ አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩ ከነበረው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም። የጫፉ ስፋትና የመሐሉ ፖዘቲቭ መሆን አለመሆኑም ይታይ። የግድግዳውን 220 ቮልት መለካት የለመደ ሰው ሥራ ነው።

ኬብል ወደ ሰርቪስ

ማታ 2 ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ሲገባ ማውረጃው ከ7.8 ወደ 5 ይወርዳል። ይህን የሚያስተካክል የራውተር ሴቲንግ የለም፤ አየሩ የጋራ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ 5 ጊጋኸርዝን እዚያው ክፍል ማስገባት አስፈለገ።

ሪፒተር አልተመረጠም። በአንዱ ሬዲዮ የተቀበለውን በዚያው ሬዲዮ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የሚቀበለውም ያንኑ የደከመ ሲግናል ነው። ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ምንም አይቀንስም።

25 ሜትር ካት6 የኔትወርክ ኬብል ተገዛ። ከመግዛት በፊት ጫፉን ቆርጦ ሽቦውን በቢላ መፋቅ ነው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚንየም ነው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ኬብሉ በ16 ሚሊ ሜትር ኮንዱይት (የገመድ ቧንቧ) ገብቶ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተወሰደ፤ ከመብራት መስመሩ 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቋል። የጫፉ ቀለም ቅደም ተከተል በሁለቱም በኩል አንድ ነው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። የመጀመሪያው ጫፍ ላይ የኬብሉ ልባስ ማገናኛው ውስጥ ሳይገባ ስለተጨመቀ ሽቦዎቹ በደንብ አልተያዙም፤ ግንኙነቱም ከ1000 ወደ 100 ወረደ። ተቆርጦ እንደገና ተሠራ።

ያገለገለ ባለ ሁለት ባንድ ራውተር አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ) ተደረገ። አድራሻው 192.168.1.2፣ ዲኤችሲፒው (አድራሻ ማደያው) ተዘግቷል፣ ኬብሉ የተሰካው ላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) ከሚለው ቀዳዳ ወደ ላን ነው። ዋን (የውጭ መስመር) በሚለው ቢሰካ ሁለተኛ ኔትወርክ ይፈጥራል፣ ሳሎን ያለው ፕሪንተርም አይታይም። የ2.4ቱ ቻናል 1 ላይ፣ የ5ቱ 36 ላይ ሆነ።

ወጪ፦ ኬብል 1,500 ብር፣ ማገናኛ 10 ፍሬ 200፣ ኮንዱይት 480፣ ያገለገለ ራውተር 2,500፣ አዳፕተር 500። ድምር 5,180 ብር። ክሪምፐሩ (ማገናኛ መጭመቂያው) በውሰት ነው።

ሰርቪሱ ውስጥ በ5 ጊጋኸርዝ ፍጥነቱ 866፣ ማውረጃው ቀንም ማታም 9.3 ነው፤ ወደ ራውተሩ ፒንግ 2 ሚሊሰከንድ። ከሁለት ቤት መካከል የተዘረጋ የመዳብ ኬብል የመብረቅን ጉልበት ወደ ዕቃዎቹ ሊያስገባ ስለሚችል ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ጫፍ ይነቀላል። የኮንዱይቱ ሁለት አፎች በሲሊኮን ገና አልታሸጉም፤ ዝናቡ ሳይጠነክር ይሠራል።